ደህና ነው የማይባልበት ሳጥን

መልእክቱን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ስልኬ ጢጥ አለች፤ መነጽሬን ፈልጌ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ። «ትርንጎ ዛሬ ጧት ዳንግላ ላይ አርፋለች» ይላል። የላከው የማኅበራችን ሊቀመንበር አንለይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ማንበብ አለመቻሌ ሲያሳፍረኝ ኖሮ፣ ያን ዕለት ግን ምነው ባልቻልኩ አልኩ። ሌላ ሰው አንብቦልኝ ቢሆን ከፊቱ አይቼ ቀድሜ እጠረጥር ነበር፤ ፊደል ፊት የለው፣ አያባብል። ደግሞስ ማንበብ ያስተማረችኝ ማን ሆነችና! እሷው ናት። መርዶዋን ራሴ እንዳነብ ያበቃችኝ እሷው ትርንጎ።

ትርንጎ ዘመዴም ጎረቤቴም አልነበረችም። እንጅባራ ባለው የቀርከሃ ሠራተኞች ማኅበራችን ኮምፒውተሩን የምትይዝ የዳንግላ ልጅ ነበረች። ልጅ ስላት ሠላሳውን ያለፈች ናት፤ ለእኔ ግን ልጅ ናት። እኔ ይመኙ እባላለሁ፣ የማኅበሩ አሮጊት ነኝ። ቀርከሃ ፈልጬ ወንበር እሠራለሁ፣ የመብራት ቆብም እጎነጉናለሁ። ይህን ከእናቴ ነው የተማርኩት። የትምህርት ቤት ደጅ ግን አልረገጥኩም። እናቴ የምታወራኝ በአገውኛ ነበር፤ አማርኛውን ያገኘሁት ከገበያ ነው፣ ጥሊሊ ላይ ምንጣፍ ስሸጥ። ያኔ ደግሞ ጥሊሊ እንዲህ እንዳሁኑ ሚኒባስ የሚጋፋባት አልነበረችም... ወዲህ ልመለስ። ነገር ይጎትተኛል፣ ታገሱኝ።

በየጧቱ ከዳንግላ በሚኒባስ ትመጣለች። የእንጅባራን ብርድ አትችለውም፤ የአባቷን ካፖርት ለብሳ ነው የምትውለው። እጅጌው ከመርዘሙ የተነሳ የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ብቅ ይላል። ድምጿ ሻካራ ነው፤ ስትስቅ ቆርቆሮው ላይ ያረፈ ቁራ ይነሳል። ጴንጤ ነበረች፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ እኔ ስጾም እሷ እንቁላል በዳቦ ይዛ ትመጣና ጀርባዋን ሰጥታኝ ትበላለች።

«ኧረ ዙሪ፣ ዓይኔ አይበላብሽም» እላታለሁ።

«የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም እማማ። ጾምዎን ፈትተው እንዳይነጥቁኝ ነው።»

ከሁሉ የማልረሳው ግን እጇን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «አስቀምጥ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የሞሉት ነገር እንዳይጠፋ እሱን መጫን ነው። ትርንጎ እሱን ከመጫኗ በፊት ጠረጴዛውን በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች። ቋ፣ ቋ። ልክ የሰው በር ላይ እንደቆመ እንግዳ። እኔም ጥግ ላይ ቀርከሃዬን እየፈለጥኩ «ግቢ!» እላታለሁ። ትስቃለች፣ ትጫናለች። ይህ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ነው። አንድም ቀን አልሰለቸንም። ማንኳኳቱ ከየት እንደመጣ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ማኅበራችን ድረ ገጽ አለው። ድረ ገጽ ማለት እኔ እንደገባኝ ስልክ ውስጥ ያለ ገበያ ነው፤ ሻጩ በሌለበት ዕቃው ራሱ ስለራሱ የሚናገርበት። እያንዳንዱ ወንበር እግሩ ላይ በጋለ ብረት ቁጥር ይተኮሳል። ገዢው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ሲጽፍ የዚያ ወንበር ገጽ ይመጣለታል። ገጹ የሚሞላው ደግሞ በሳጥን በሳጥን ነው። ሳጥኖቹን ሠርቶ የላከልን አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ ነው። ቀለም፣ ቁመት፣ ስፋት፣ የዕቃው ሁኔታ፤ በቃ፣ አራት ሳጥን።

አንድ ክረምት ላይ፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ ካለው ሐይቅ ዳር የሚሠራ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ስልሳ ወንበር አዘዘን። ወንበሩ ካማረላቸው የየክፍሉን አልጋና የመብራት ቆብ ሁሉ እኛው ልንሠራ። እንዲህ ያለ ሥራ አግኝተን አናውቅም። ተረባርበን ሠራን፣ ኅዳር ላይ አስረከብን። ጥር ላይ መኪናው ወንበሮቹን እንደጫነ ተመልሶ መጣ።

ነቀዝ! በአዲሱ ወለል ላይ ከወንበሮቹ እግር ሥር ዱቄት እየተገኘ ነው። ከስንቱ እንደወጣ ማንም አልለየውም፤ ስልሳውንም መለሱት። የማረፊያው ኢንጂነር ደብዳቤ ላከ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ፣ ደህናውን ከተበላው ለይታችሁ ካሳያችሁኝ ደህናውን እወስዳለሁ፣ ሥራውም ይቀጥላል፤ መለየት ካልቻላችሁ ግን ሁሉም ይቅር ይላል። ለእኛ ነገሩ ወንበር ብቻ አልነበረም። የምንሠራበትን ሼድ ከተማው የሰጠን ሥራ እስካለን ድረስ ነው። ሥራ ከሌለን ለሌላ ማኅበር ይሰጣል፤ እኛም በየጓሯችን እንበተናለን።

አንለይ ጮኸ። «ድረ ገጹን ክፈቺው! የትኛው ወንበር ምን እንደሆነ ተጽፎ የለም እንዴ? ሁኔታ የሚል ሳጥን አለ አይደል?»

ትርንጎ ከፈተችና እያነበበች ታሰማን ጀመር።

«አንደኛው ወንበር፤ ሁኔታ፦ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለተኛው፦ በጣም ደህና ነው፣ አምላክ ይመስገን። ሦስተኛው፦ ደህና ነው። አራተኛው፦ ምን ይሆናል፣ ደህና ነው። አምስተኛው፦ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ?»

ስልሳውም እንዲሁ። አንለይ ራሱን ያዘ። «ይኼ ወንበር ነው ወይስ ለእንኳን አደረሳችሁ የመጣ ዘመድ?»

ትርንጎ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቁራው ተነሣ። ከዚያ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሁሉም አጠገቤ ቆሞ ነግሮኛል፤ እኔ የተነገረኝን ጻፍኩ።»

«ማን ነው የዋሸው ታዲያ?» አለ አንለይ።

ማንም አልመለሰም። እኔም አልመለስኩም። ለምን እንዳልመለስኩ ኋላ ይመጣል።

ሰው ሲበተን ትርንጎ በርጩማዋን ወደ እኔ ጥግ ጎተተች። «እማማ ይመኙ፣ እስቲ ይንገሩኝ። ሰው ሁሉ ለምን እንዲህ አለኝ?»

«ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

«ወንበሩ እንዴት ነው? አልኩ።»

«እንዴት ነው ካልሽማ ምን ይበሉሽ! እኔ ወገቤ ተቆርጦ ተኝቼ እንዴት ነሽ ብትዪኝ ደህና ነኝ ነው የምልሽ። ያ መልስ ለእግዜር ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም። ልጆቹስ? ስትዪኝ ደህና ናቸው እላለሁ፤ እሱም ለጎረቤት ነው። ላሟስ? ስትዪኝ ግን፣ ‹ኧረ ላሟ እንኳ ሣር እምቢ ካለች ሦስት ቀኗ› እላለሁ። እውነቱ የሚወጣው ላሟ ላይ ነው። አንቺ ላሟ ዘንድ ሳትደርሺ ሳጥንሽን ዘጋሽ።»

ትርንጎ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከካፖርቷ ኪስ እርሳስ አወጣች። «ይድገሙልኝ። የቀርከሃው ላም ምንድን ናት?»

እኔም እናቴ ያስተማረችኝን ነገርኳት። ቀርከሃ ሦስት ክረምት ሳይቆም አይቆረጥም፤ ልጅ ነው። በክረምት አይቆረጥም፤ ሆዱ ጣፋጭ ውኃ ይዟል፣ ነቀዝ ይወደዋል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ላይ ይቆረጣል። ያም ሆኖ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አይነካም፤ ስትጎድል ነው። ከዚያ ወራጅ ውኃ ውስጥ ይተኛል። የጥርባ አገር ሰዎች ደግሞ ውኃው ላይ ድንጋይ ይጭኑበታል፣ ያ ሌላ ነገር ነው... ይህን ሁሉ ጻፈችው።

በማግሥቱ «የዕቃው ሁኔታ» የሚለውን ሳጥን አጠፋችውና አዳዲስ ሳጥኖች ትሠራ ጀመር። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ የአዲስ አበባው ባለሙያ ነው። ከእሱ ዘንድ ይታየዋል መሰለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሴቲንጉን ነካሽው እንዴ?»

«ነካሁት።»

«እንዳትነኪው ብዬሽ አልነበር? ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ነው የሠራሁት። ለዕቃ ሻጭ ይበቃል።»

«ወንድሜ፣ ቀርከሃ ቆርጠህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ኧረ አላውቅም።»

«እንግዲያው ሳጥኑ ያንተ ይሁን፣ ጥያቄው የኛ ነው። የምናበላሸው ነገር ካለ ንገረኝ፤ ከሌለ ሥራ ላይ ነኝ።»

ባለሙያው «የሚበላሽ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻ እያስቀመጥሽ ሂጂ። ካላስቀመጥሽው የሠራሽው ሁሉ ይጠፋል።»

«እሺ» አለችው። አልሰማችውም። ሁሉንም ጨርሼ በአንዴ አስቀምጣለሁ ብላ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምሳ ሳትበላ ሠራች። ወር የሚለውን ሳጥን ስትሠራ አሥራ ሦስቱን ወር ደረደረችበት፤ ሰው አንዱን መንካት ብቻ ነው። ጨረቃዋን ሁለት አደረገቻት፦ ሙሉና ጎደሎ። ከእያንዳንዱ ሳጥን ሥር ደግሞ እኔ ያልኩትን በእኔው ቃል ጻፈችበት፤ «ከሦስት ክረምት ያነሰ ልጅ ነው፣ ልጅ አይቆረጥም» እያለች። እኔ አፍ ውስጥ የነበረ የእናቴ ቃል የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ፊደል ሆኖ ተቀመጠ። እየዞርኩ አየዋለሁ፤ ሳላነበው እኮ ነው የማየው።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ሲመጣ ምንም የለም። አራቱ የድሮ ሳጥኖች ብቻ እንደነበሩ ቁጭ ብለዋል፤ ያ «የዕቃው ሁኔታ» የሚለውም ተመልሶ መጥቷል። ትርንጎ ካፖርቷን ራሷ ላይ ጎትታ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። አለቀሰች ብዬ ተነሣሁ። ጠጋ ስል መዝሙር እየዘመረች ነው፣ በዚያ ሻካራ ድምጿ።

«አበድሽ ልጄ?»

«አላበድኩም እማማ። ያላስቀመጡት ነገር አልተወለደም። ከነገ ጀምሬ በየአንዱ ሳጥን አስቀምጣለሁ፤ ዓይኔ ይረሳል፣ ጆሮዬ ግን እንዲሰማ አንኳኳለሁ።»

በማግሥቱ የመጀመሪያውን ሳጥን ሠርታ ጠረጴዛውን ቋ፣ ቋ አደረገችው። እኔም ሳላስበው «ግቢ!» አልኳት። እንዲህ ነው የተጀመረው።

አንዱን ሳጥን ስትጨርስ አጠገቡ ቀይ ኮከብ ታደርግበታለች። «ይቺስ ምንድን ናት?» ብላት፣ «ይህን ሳይሞሉ አያልፉም ማለት ናት፤ ኬላ ናት» አለችኝ። አንለይ ደግሞ ሥራ ለማቃለል ብሎ «ብዙው ሰው ኅዳር ነው የሚቆርጠው። አንቺው ኅዳር ብለሽ ሙዪውና የተለየ ያለው ይለውጠው» አላት።

«አይሆንም ጋሼ። አስቀድሞ የተሞላ ሳጥን ‹ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ማለት ነው። ባዶ ይሁን። ባዶ ሳጥን ሰውን ያፍጥጠው።»

በዚያው ሰሞን ነው ፊደል ያስተማረችኝ። መጽሐፍ አልገዛችልኝም፤ በሳጥኖቹ ስም ነው። መጀመሪያ «ወር»። ሁለት ፊደል ናት፤ በአንድ ቀን ያዝኳት። ቀጥሎ «ጨረቃ»። ከዚያ ወሮቹን በሙሉ። ጣቴ መስተዋቱን ያቆሽሸዋል፤ እሷ በካፖርቷ እጅጌ ትጠርገዋለች። «እማማ፣ ሌላው ሰው በሀሁ ይጀምራል። እርስዎ በጨረቃ ጀመሩ» ትለኛለች።

ሳጥኖቹ ሲያልቁ ስልሳውን ወንበር እንደገና መሙላት መጣ። አባላቱ ተራ በተራ ገቡ። ወሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ትንሽ ይቆማሉ፤ ከዚያ የአምናውን ኅዳር ይላሉ፣ ጥር ይላሉ፣ ትርንጎ ቋ፣ ቋ ታደርጋለች። የኔ ተራ ደረሰ። ሰባት ወንበር ነበረኝ።

እንግዲህ ልናገረው። ክረምት ላይ የደረቀ ቀርከሃ አልቆብኝ ነበር። ድርሻዬ ጎደለ። በዕድሜ ትልቋ ሆኜ ሰው ፊት ባዶ እጄን መቅረብ አፈርኩ። ነሐሴ ላይ፣ በሙሉ ጨረቃ፣ ከጓሮዬ ቆርጬ ጭስ ላይ አደረቅሁት። እናቴ ብታየኝ እጄን ትቆርጠው ነበር። ትርንጎ ወንበሩ እንዴት ነው ስትለኝ፣ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ያልኳት እኔ ነኝ።

«ይንገሩኝ እማማ፣ ወሩ?» አለች።

«እኔው ልንካው» አልኳት።

ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አባላቱ በሩ ላይ ተደርድረዋል። አይጥ የምትመስለዋን ነገር ይዤ ሳጥኑን ነካሁት፤ ወሮቹ ከላይ ወደ ታች ተደረደሩ። መስከረም። ጥቅምት። ኅዳር። ኅዳር ላይ እጄ ቆመ። ሦስተኛ ላይ ነው፣ ቅርብ ነው፤ እሱን ብነካ ማንም አያውቅም። ትርንጎ ፊቷን አዙራ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ወደ ታች ወረድኩ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፤ እያንዳንዱን አነበብኩት። መንገዱ ረጅም ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ። ነሐሴ ላይ ደረስኩና ነካሁት። ጨረቃዋንም ሙሉ አልኳት። ድምፄን አውጥቼ «ሰባቱም የነሐሴ ነው» አልኩ።

ትርንጎ እጄን ያዘችና ጣቶቼን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳችው። «አሁን ይጫኑ።» ተጫንኩ። «ተቀምጧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ።

ከበሩ አካባቢ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። አንለይ ነው። «እንግዲያውስ... የኔንም ሁለቱን ነሐሴ በዪያቸው» አለ፤ ጫማውን እያየ።

«አይ ጋሼ!» አለች ትርንጎ። «ማን ነው የዋሸው ብለው ያን ያህል የጮኹት...»

«ለሊቀመንበር መጮህ ሥራው ነው!» አለ፤ ሼዱ በሳቅ ተናጋ። እኔም በእንባዬ መሃል ሳቅሁ።

ኢንጂነሩ በቀጠሮው መጣ። ወፍራም መነጽር ያለው፣ ቶሎ የማይስቅ ሰው ነው። ነጭ አንሶላ አምጡ አለ። አንሶላውን ሼዱ መሃል አነጠፍነው። «ገጹን አታሳዩኝ» አለ። «መጀመሪያ ወንበሩን እኔ አያለሁ፤ ከዚያ ገጹ ምን እንደሚል ትነግሩኛላችሁ።» ወንበሩን አንሶላው ላይ ይመታዋል፣ ያያል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ትርንጎ ታነባለች።

«ንጹህ» ይላል።

«ኅዳር፣ ጎደሎ ጨረቃ፣ አራት ክረምት» ትላለች።

«ንጹህ።»

«ጥር፣ ጎደሎ።»

አሥራ አንደኛው ላይ አንሶላው ላይ ዱቄት ፈሰሰ። ኢንጂነሩ ቀና አለ። «ተበልቷል።»

«ነሐሴ፣ ሙሉ ጨረቃ። የእማማ ይመኙ» አለች ትርንጎ።

እንዲህ እያለ ሄደ። ዱቄት በወደቀበት ሁሉ ገጹ ነሐሴ ይላል፤ ባልወደቀበት አይልም። ኢንጂነሩ እየፈጠነ መጣ፣ ወገቡን እንኳ አላቀናም። ሃምሳ ዘጠኝ ሲደርስ አንድም አልተሳሳትንም። የመጨረሻው ወንበር የኔው ነው፣ ሰባተኛው። መታው። ምንም። ደግሞ መታው። አንሶላው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ንጹህ» አለ። «ገጹስ?»

ትርንጎ ገጹን ደግማ አየች። «ነሐሴ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ገጻችሁ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።» ደብተሩን ሊዘጋ እጁን አነሣ። አንለይ ፊቱ አመድ መሰለ። ትርንጎ ግን እኔን ነው ያየችው፤ ያን ያህል አምኖ የሚያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ልጄ፣ እሱን ገልብጠው» አልኩት ኢንጂነሩን። «ለዚያ ወንበር የነሐሴው ቀርከሃ የቀረኝ አንድ ዘንግ ብቻ ነበር። የጀርባው ግራ ነው። እሱን ምታው።»

ገለበጠው። የጀርባውን ግራ ዘንግ በእርሳሱ ጀርባ መታ መታ አደረገው። ዱቄቱ እንደ ወንፊት ጠብ ጠብ ብሎ፣ ከዚያ ዘረር ብሎ ወረደ!

እልልታው ከየት እንደተነሣ አላውቅም። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ፣ አንለይ ኢንጂነሩን አቅፎ ሊያነሣው ምንም አልቀረው። አስፋልቱ ላይ የቆሙት የባጃጅ ሹፌሮች ሠርግ መስሏቸው ጥሩምባ እየነፉ መጡ። ነቀዝ ሲወጣለት እልል ያለ አገር ከእኛ ሌላ ካለ ንገሩኝ። ትርንጎ ካፖርቷን አውልቃ ወደ ላይ ወረወረችው፤ የቀርከሃው ክምር ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ሃምሳ አንዱን ዛሬ እጭናለሁ» አለ። «አልጋውንም የመብራት ቆቡንም ጀምሩ። ብቻ ከእንግዲህ ጨረቃዋ ያልተጻፈችበት ዕቃ እንዳታመጡብኝ።» ሲወጣ ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ እንዴት ነዎት ግን?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ትርንጎ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

ሼዱ ይኸው እስከ ዛሬ የእኛ ነው። ሰባቱን ወንበሮቼን ፈልጬ አነደድኳቸው፤ በኅዳር፣ በጎደሎ ጨረቃ፣ ቆርጬ አዲስ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ትርንጎ ከእኛ ጋር ሁለት ክረምት ሠራች። ከዚያ ታመመች። መታመሟንም በሚገባ አልነገረችንም። እንዴት ነሽ ስንላት «ጌታ ይባረክ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እኔ፣ ያን ሁሉ ያስተማርኳት እኔ፣ ላሟስ ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ይህ ብቻ ይቆጨኛል።

ቀብሯ ላይ ዳንግላ ሄድን። የእነሱ ሰዎች በመዝሙር ነው የሚሸኙት፤ እኔ ደረቴን ልመታ የተነሣሁት እጄን አውርጄ ሰማኋቸው። ከመሃላቸው ሻካራ ድምፅ ያለው አንድም የለ። እህቷ ካፖርቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

ወር ሳይሞላ የአዲስ አበባው ባለሙያ ደወለ። አንለይ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ነፍስ ይማር» አለ ልጁ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ድረ ገጹን ላድሰው ነው። የማያስፈልጉ ሳጥኖች ካሉ ንገሩኝ፣ ላጥፋቸው።»

አንለይ እኔን አየኝ።

«የሚጠፋ የለም» አልኩ። «አንድ ይጨመራል።»

«እሺ እማማ፣ ይንገሩኝና ልጨምረው።»

«የለም። ሳጥኑም ጥያቄውም የኛ ነው። እኔው እጨምረዋለሁ።»

ካፖርቷን ለበስኩ፤ ብርድ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። መቶ ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ። «ሳጥን ጨምር» የሚለውን ነካሁ። ስሙን ስጽፍ ግማሽ ቀን ሄደብኝ፤ ፊደሎቹ ተበታትነው ነው ያሉት፣ አንዱን ሳገኝ ሌላው ይሰወረኛል። «ሥራውን ማን አስተማረ?» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ማብራሪያ የሚገባበት ላይ «የሞተም ቢሆን ይጻፋል» አልኩ። ቀዩን ኮከብ አደረግሁበት። አንኳኳሁ፣ ተጫንኩ። ተቀምጧል አለኝ። ከዚያ የራሴን የአንድ አዲስ ወንበር ገጽ ከፍቼ ሳጥኑን ሞላሁት፦ «መፍለጡን እናቴ፣ እውነቱን ትርንጎ።»

በማግሥቱ ጧት አንለይ የራሱን አልጋ ሊመዘግብ ተቀመጠ። እኔ ጥጌ ላይ እፈልጣለሁ።

«እማማ፣ ይኼ ነገር አላሳልፍ አለኝ።»

«ማን እንዳስተማረህ ጻፍ።»

«አባቴ ነዋ! ይኼ ምኑ ይጻፋል፣ አገር የሚያውቀው።»

«ኮከቧ አታውቅም። ጻፋ።»

አጉረመረመ። ከዚያ ማጉረምረሙን ተወ። አባቱ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው። አንድ ፊደል ይነካል፣ ይቆማል፣ ሌላ ይነካል። ስሙን እስከ አያቱ ጻፈው። ሲጨርስ እጅጌውን በዓይኑ ላይ አሳለፈና፣ ማንም ሳይነግረው፣ ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ቋ፣ ቋ።

እኔም ከቀርከሃዬ ቀና ሳልል «ግቢ!» አልኩ።